ማይኬ፣ ዋሽንቱና የአማቴ ትንፋሽ

ሥራዬ ድምፅ ማጉላት ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ ሠርግ፣ ምርቃት ወይም ስብሰባ ሲኖር ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ፣ አንድ ሚክሰር፣ ጥቂት ማይክና ማዳበሪያ ሙሉ የተጠላለፈ ገመድ ባጃጅ ላይ ጭኖ የሚደርሰው ሰው እኔ ነኝ። በዚህ ሥራ ስኖር ከሰው አፍ አዘውትሬ የሰማሁት ቃል አንድ ነው፤ «ቀንሰው!» ሽማግሌዎች መዳፋቸውን ወደ መሬት እየጫኑ ቀንሰው ይሉኛል። የሙሽራው እናት ጆሮዋን በነጠላዋ ይዛ ቀንሰው ትለኛለች። ባለቤቴማ ቤት ውስጥ ሳወራም ቀንሰው ነው የምትለኝ። ከሰከረ ሰው በቀር «ጨምረው» ያለኝ ትዝ አይለኝም።

ሙያውን የት ተማርህ ለሚለኝ «ጎንደር» እላለሁ። ውሸት አይደለም። ጎንደር አንድ ሆቴል ውስጥ ባንድ ሲጫወት ድምፅ ለሚቆጣጠረው ሰው አንድ ክረምት ሙሉ ገመድ ጠቅልያለሁ። እዚያ ያየሁት የትንፋሽ መሣሪያ ሳክስፎን ብቻ ነበር፤ ማይኩም ከሳክስፎኑ ሰፊ አፍ ፊት ለፊት ይቆማል። እኔም የሚነፋ ነገር ሁሉ ድምፁ የሚወጣው በጫፉ ነው የሚል የማይነቃነቅ እምነት ይዤ ወደ ቆላ ወረድሁ። የዕውቀቴ ልክ ይኸው ነው። ድፍረቴ ግን ልክ አልነበረውም።

የባለቤቴ አባት እዚያው ቆላ፣ ኮኪት ነበር የሚኖሩት። በወጣትነታቸው ከጎጃም ደጋ ለሰሊጥ አረም ወርደው፣ ጓደኞቻቸው ሲመለሱ እሳቸው እዚያው ቀሩ። ሚስት አገቡ፣ መሬት አገኙ፣ ሦስት ሴት ልጆች ወለዱ። ትንሿ ገና ጡት ሳትጥል እናትየዋ ሞተች፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹን ያሳደጉት ብቻቸውን ነው። አማቴ ዋሽንት ይነፋሉ። በዚያ አካባቢ እሳቸው ያልነፉበት ሠርግ እንደ ሠርግ አይወራለትም ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸውን በዋሽንት ሸኙ። ሁለተኛዋን፣ ማለትም የእኔን ባለቤት፣ በዋሽንት ሸኙ። ያን ቀን ዋሽንቱ ጥርት ብሎ ተሰምቷል፤ እኔ ሙሽራ ስለነበርሁ ድምፁን የነካ ሰው አልነበረም።

እኔን እንደ ሙያተኛ ቆጥረውኝ አያውቁም። «ጯሂው አማቼ» ነበር የሚሉኝ። «አልሰማ ያለ ሰው ቀረብ ይበል እንጂ፣ ምን ሆኖ ነው ጀነሬተር የሚያስነሣ?» ይሉና ይስቁ ነበር። ሳቃቸው እየቆየ ሳል እየሆነ መጣ። የስንት ዓመት የውቂያ ብናኝ ደረታቸው ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል፤ ሐኪሙ ሳንባ ነው አለ። ከግቢያቸው በር ግቢው ውስጥ እስካለችው የኒም ዛፍ ድረስ ሲመጡ መሐል ላይ ቆም ይሉና አጥሩን ትኩር ብለው ያያሉ። አጥሩ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ነበር የሚቆሙት፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም አብረናቸው አጥሩን እናያለን። ሠርግ ቤት የሚጠራቸው እየጠፋ ሄደ። «ሰውየው አለቀላቸው» ተባለ፤ ይህንንም ሰምተዋል።

ትንሿ ልጃቸው ልታገባ የሆነው በዚህ መሐል ነው። ሕፃን ሆና «አንቺንም በዋሽንት ነው የምሸኝሽ» ብለዋት ነበር። እሷ አልረሳችም፣ እሳቸውም አልረሱም። ጭንቁ የወደቀው ሌላው ቤተሰብ ላይ ነው። ተሰብስበን ተቀመጥን። አንዱ ይቅርባቸው አለ፣ ሌላው በቴፕ ይሁን አለ፣ ባለቤቴ አቀረቀረች። እኔ ዝም ማለት ያለብኝን ጊዜ ለይቼ የማላውቅ ሰው ነኝና ደረቴን ነፋሁ። «ምን ችግር አለው? አባባ ቀስ አርገው ይንፉ፤ ማጉላቱ የእኔ ሥራ ነው!»

አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም። «ትችላለህ?» አሉኝ። «በሚገባ!» አልሁ። ባለቤቴ እግሬን በጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ፤ ዘግይታ ነበር።

ሠርጉ ሲቃረብ ማይኮቼን ሰብስቤ ለሙከራ ኮኪት ሄድሁ። አማቴ ኒሟ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። «ስማኝ፤ ለሠርጉ አንድ ዜማ ነው የምነፋ። ለእሱ የሚሆን ትንፋሽ እያጠራቀምሁ ነው። ለሙከራህ ትንሽ ትንሽ እሰጥሃለሁ፣ ከዚያ በላይ አትለምነኝ» አሉኝ፣ ዘር እንደሚቆጥብ ገበሬ።

መጀመሪያ ያወጣሁት ዜና አንባቢዎች ደረታቸው ላይ የሚሰኳትን ዓይነት ትንሽ ማይክ ነው። በጎንደሩ ትምህርቴ መሠረት ዋሽንቱ ታችኛው ጫፍ ላይ በፕላስተር አጣበቅኋት። ሄድፎኔን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ እንደ ሐኪም ግንባሬን ቋጠር አድርጌ ተቀመጥሁ። እንግዲህ በእኛ ቆላ ሸምበቆ ወዲያው ይደርቃል፤ የደረቀ ዋሽንት ደግሞ ድምፁ ይሻክራል። ስለዚህ አማቴ ዋሽንታቸውን ውሃ ሳያጠጡ አይነፉም። ይህን ስንትና ስንት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። ጣሳውን አነሡ፣ በላይኛው አፍ ውሃ አንቆረቆሩ፣ ውሃው ሸምበቆውን አጥቦ በታችኛው ጫፍ፣ ማለትም በማይኬ በኩል፣ ወጣ። በጆሮዬ ፏፏቴ ሰማሁ። ከዚያ ምንም።

«ሰማህ?» አሉኝ።

«ሰማሁ፤ በጣም ጥሩ ነው» አልሁ።

«ገና አልነፋሁም እኮ።»

ሁለተኛው የዘፋኝ ማይክ ነበር። ይህ ብትጥለው የማይሰበር፣ ግን ካልተጠጉት የማይሰማ ነው። ስለዚህ አስጠጋሁት፤ ከንፈራቸውን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው። አማቴ ነፉ። በሄድፎኑ የመጣው ነገር ዋሽንት አልነበረም። የሰሊጥ መኪና ቁልቁለት ላይ የፍሬን አየር ሲያስተነፍስ የምትሰሙት ድምፅ ነው። ከዚያ ጀርባ፣ ጎረቤት ቤት የሚነፋ የሚመስል ቀጭን ዋሽንት አለ። ከዚያ ደግሞ ትንፋሽ ሲስቡ የሚመጣ ረጅም፣ ፉጨት መሳይ ሲርታ፣ መጨረሻው ላይ ቁርጥ ቁርጥ የሚል። ሚክሰሬ ላይ የተሰካው ፍላሽ ይህን ሁሉ ይቀዳ ኖሯል፤ የመቅጃውን ቁልፍ መቼ እንደነካሁት አላውቅም።

«እስቲ አምጣው» አሉና ሄድፎኑን ከራሴ ላይ አነሡት። መልሼ አጫወትሁላቸው። ትንሽ እንዳዳመጡ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቀረ።

«ይኸ የሚያፏጨው ምንድን ነው?»

«ትንፋሽዎ ነው አባባ።»

«የእኔ?»

ሄድፎኑን ቀስ ብለው አወለቁና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ስማኝ ልጄ» አሉ። ከዚያ ቀን በፊት ልጄ ብለውኝ አያውቁም። «ዋሽንቱ ባይሰማ ግድ የለኝም። የዚያ ልጅ ዕቃ ተበላሸ ይባላል፤ ያንን ማንም ያምናል። ትንፋሼን ግን ለሰው አታሰማብኝ። አለቀለት ያሉኝን፣ ልጄን በምሸኝበት ቀን እውነታቸውን ነው አታሰኝብኝ።»

«አላሰማም» አልሁ። የገባሁት ቃል ሲገባኝ ግን ላብ አጠመቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ ሳጎላ የኖርሁ ሰው አሁን አንድ ድምፅ ልደብቅ ነው፤ ያውም ከዋሽንቱ ጋር ካንድ ከንፈር የሚወጣ ድምፅ።

የቀረችኝ ኮንደንሰር የምትባለዋ ማይክ ነበረች። እሷ ሁሉን ትሰማለች። ጎረቤት ያለውን የወፍጮ ሞተር ሰማች፣ ዶሮዎቹን ሰማች፣ የእኔን ሆድ ጩኸት ሰማች። በእጄ ይዣት አማቴን ዙሪያቸውን በእንብርክክ ዞርኋቸው። ከጫፉ ጋ ሳስጠጋት አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ ትሰጠኝና ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ዝም ትላለች። የማይነቃነቀው እምነቴ የተነቃነቀው እዚያ መሬት ላይ በጉልበቴ ሳለሁ ነው። ድምፁ በጫፉ የሚወጣው ቀዳዳዎቹ ሁሉ ሲደፈኑ ብቻ ነው። ጣት ሲነሣ በተነሣው ጣት ሥር ይወጣል፤ ከሁሉም የሚበዛው ደግሞ ከንፈሩ ጋ ነው። ከንፈሩ ጋ ደግሞ ያ ትንፋሽ አለ። አማቴ ዋሽንቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው ስለሚይዙ ትንፋሹ ወደዚያው ቁልቁል ይሄዳል። ስለዚህ ማይኳን በቀኝ በኩል ከግንባራቸው ከፍ አድርጌ፣ ከንፈርና ላይኛው ጣት መሐል ያለውን ቦታ ቁልቁል እንድታይ አደረግኋት። አንድ ስንዝር ያህል ሳርቃት ዋሽንቱ ብቻውን መጣ፤ የጠራ፣ ወፍራም፣ የድሮው።

ሄድፎኑን ሰጠኋቸው። የተቀዳውን እያዳመጡ ፊታቸው ተፈታ። «አሁን ዋሽንቱ ብቻ ነው፤ እኔ የለሁበትም» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

ያን ስንዝር እንዳይስቱት አንድ የማሽላ አገዳ ቆርጬ ማይክ ማቆሚያው ላይ አሰርሁ፤ ጫፉ ግንባራቸውን ሲነካ ቦታቸው ላይ ናቸው ማለት ነው። «እንደ በሬ ልትጠምደኝ ነው?» አሉ፤ ግን ግንባራቸውን አስነኩ። ዳሱ ውስጥ የሚኖረው የቬንትሌተር ነፋስ እንዳያስጮኻት ደግሞ ከቤታችን ፍራሽ ጥግ ስፖንጅ ቆርጬ ለማይኳ ኮፍያ ሠራሁላት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ በዚያ በኩል አትተኛም።

የሠርጉ ቀን ሁሉ ነገር ተማም፣ ልክ እንደታሰበው ነበር። ሱፍ ለብሻለሁ። ሱፍ ለብሶ በኮኪት ቀትር መቆም ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እኔ ግን ያን ቀን የአማቴ ባለሙያ ነኝ። የመሸኛው ሰዓት ደረሰ። አማቴ ነጭ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ማይኳ መጡ፣ ዋሽንቱን ውሃ አጠጡ፣ ግንባራቸውን አገዳው ላይ አስነኩ። ሚክሰሩን ከፈትሁ። ሕዝቡ ጸጥ አለ፤ እኔ ባለሁበት ቦታ ሕዝብ ጸጥ ሲል ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

ነፉ። ዋሽንቱ ዳሱን ሞላው። አንድም ትንፋሽ አልተሰማም። ወደ ባለቤቴ ዞር ብዬ አገጬን ቀና አደረግሁ። ቀና ብዬ መቆየት አልቻልሁም። ሙሽራዋ አለቀሰች፣ አማቴም አዩዋት። የልጅ እንባ አይተው አገዳ ላይ ግንባራቸውን ደግፈው የሚቆሙ አባት አይደሉም። እየነፉ ወደ እሷ መራመድ ጀመሩ። ስንት ቀን ያሰብሁበት፣ ሦስት ማይክ የሞከርሁበት፣ ፍራሽ የቆረጥሁበት ቦታ ባዶውን ቀረ። ሞንታርቦው ዝም አለ።

ዘልዬ ማይኳን ከነማቆሚያው ክንድ ነቅዬ ተከተልኋቸው። አገዳውም አብሮ መጣ። በኋላ እንደሰማሁት ከሙሽራው ወገን የመጡት እንግዶች በአገዳ አባት ማጀብ የኮኪት ደንብ ነው ብለው አስበው ነበር። ሞንታርቦው ፊት ሳልፍ አንዴ ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት ለቀቀ። ገመዱ የአንድ እንግዳ ወንበር እግር ጠልፎ ወንበሩ እየተጎተተ ተከተለኝ፤ ደግነቱ እንግዳው ተነሥቶ ነበር። እኔ ጎንበስ ብዬ፣ ወደ ኋላ እየሄድሁ፣ አማቴ ፊት ለፊት። የሱፍ ሱሪዬ የተቀደደው እዚያ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ይስቃል።

ያን ያህል ስጠጋቸው ግን ሳቁ ከጆሮዬ ጠፋ። ትንፋሻቸውን ያለ ማይክ ሰማሁት። አንዱን ሐረግ ነፍተው ለሚቀጥለው ሲስቡ ደረታቸው ይጮኻል፤ እየቆየ ሐረጉ እያጠረ፣ መሳቡ እየረዘመ ሄደ። ከዚህ ርቀት ማይኳም ትሰማዋለች። ያን ጊዜ እጄ በራሱ ሠራ። ሊስቡ ሲሉ ማይኳን ወደ ደረቴ እሸሽጋታለሁ፤ ሲነፉ ወደ ከንፈራቸው እመልሳታለሁ። እሸሽጋለሁ፣ እመልሳለሁ። መሐሉ ላይ የሚፈጠረው ባዶ ግን ያስፈራ ነበር፤ ዳሱ ሙሉ ጸጥታ፣ እና ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው። ባለቤቴ እጄን አየች። ማይኳን ስሸሽግ እልል አለች። ታላቅ እህቷ ተከተለቻት፣ ከዚያ ሴቶቹ በሙሉ። ከዚያ በኋላ አማቴ ትንፋሽ የሚስቡት በእልልታው ውስጥ ሆነ።

የመጨረሻውን ሐረግ ሙሽራዋ ፊት ቆመው ነፉት። ሲጨርሱ ትከሻቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። የማይክ ማቆሚያ ሆኜ ጀምሬ የአማቴ ማቆሚያ ሆኜ ጨረስሁ። ልጃቸው ጉልበታቸውን ሳመች። «እንዲያውም ብሶበታል! ማን ነው አለቀለት ያለው?» ይላል ሰው፤ ይህን ጮክ ብሎ የሚለው ደግሞ ዋናው አለቀለት ባይ ነበር። እኔን ያነጋገረኝ አንድ ሰው ነው። አንድ ሽማግሌ ጆሮዬ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ትንሽ በዝቷልና ቀንሰው» አሉኝ።

ሙሽራዋ ከሄደች በኋላ አማቴን አጥሩ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጥሩን እያዩ ነበር። አብሬ ማየት ጀመርሁ። «ጯሂው አማቼ፣ ዛሬስ ደበቅኸኝ» አሉ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አገዳው ወግቶኝ ነው አልሁ። እሳቸውም እንዳመኑ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በቀጣዩ ክረምት፣ ሰሊጡ አበባ ላይ ሳለ፣ አረፉ።

አዝመራው ከገባ በኋላ ትንሿ ልጃቸው ካገባችበት ከአብርሃ ጅራ መጥታ ገንዳ ውሃ ያለችው ሱቄ ገባች። ከለቅሶው ወዲህ ከስታለች። «የሠርጌን ዋሽንት ስጠኝ፤ ቀድተኸዋል አይደል?» አለችኝ። ቀድቼዋለሁ እንጂ! በሕይወቴ አንዴ በትክክል የሠራሁት ሥራ ነው፤ እንዴት አልቀዳውም? አስቀመጥኋትና በጥሩው ስፒከሬ ከፈትሁላት። ዋሽንቱ መጣ፣ እልልታው መጣ፣ ያቺ አንዲት ፉጨት ሳትቀር መጣች። እጆቿን አጣጥፋ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ዋሽንቱስ እሱ ነው» አለች። «አባዬ የት አለ?»

አልገባኝም። ስላልገባኝም ማስረዳት ጀመርሁ፤ ማይኳን በቀኝ በኩል እንዴት እንዳቆምኋት፣ ትንፋሹ ወደ ግራ እንደሚሄድ፣ በኋላም በእጄ እንዴት እንደሸሸግሁት። እንዲያውም ተነሥቼ እያጎነበስሁ አሳየኋት።

«እናቴ ከሞተች በኋላ በአረም ጊዜ እርሻ ካምፕ ይዞኝ ይወርድ ነበር» አለች። «አልተኛ ስለው አዝሎኝ ይነፋልኛል። እኔ ዋሽንቱን በጀርባው በኩል ነው የማውቀው። ትንፋሽ ሲስብ ከፍ እላለሁ፣ ሲነፋ ዝቅ እላለሁ። እዚህ ውስጥ ያ የለም።»

ያን ትንፋሽ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሥራ፣ አንድም ሳላስተርፍ ነው ያጠፋሁት። ከዚያ ፍላሹ ትዝ አለኝ። እኔ ዕቃ የማልጥል፣ ፋይል የማላጠፋ ዝርክርክ ነኝ፤ ባለቤቴ ስትሰድበኝ የምትጀምረው ከዚያ ነው። መሳቢያውን ገለበጥሁት፣ ፍላሾቹን አንድ በአንድ ሰካሁ፣ የማላውቃቸው ሠርጎች እየጮኹ አለፉ። በመጨረሻ አገኘሁት። በዕድሜዬ ከቀዳሁት ሁሉ የከፋው ነው፤ ከኒሟ ሥር፣ በዘፋኝ ማይክ፣ ከንፈራቸው ላይ ተለጥፎ የተቀዳው።

እጄ ቁልፉ ላይ ቆመ። ለሰው አታሰማብኝ ብለውኛል፤ አላሰማም ብያለሁ። ፊቷን አየሁት። ሰው ማለት እነዚያ አለቀለት ያሉት ናቸው፤ ይቺማ ጀርባቸው ላይ ያደገች ልጃቸው ናት ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ቢሆንም ስፒከሩን ነቀልሁት፣ የሱቁን በር ገርበብ አደረግሁ፣ ሄድፎኑን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። ለእሷ ብቻ።

ምን እንደምትሰማ እኔ አልሰማም፤ ግን አውቀዋለሁ። ዓይኗን ጨፈነች። ቆየት ብላ ትከሻዋ ቀስ ብሎ ከፍ አለ፣ ከዚያ ዝቅ አለ፣ ደግሞ ከፍ አለ።

«ጨምረው» አለችኝ።

ጨመርሁላት።